ማን ጠበቀው? ስለተፈሩ ዛፎች፣ ምንጮችና ተራሮች

(ተጂ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1999 በምዕራብ አየርላንድ፣ ክሌር በሚባል አውራጃ፣ ላቱን በምትባል ሥፍራ በኩል ትልቅ ጎዳና ሊያልፍ ቀያሾች ችካል ተከሉ። በመስመሩ ላይ አንድ እሾኻም ዛፍ ቆሞ ነበር። ሆቶርን ይሉታል፤ በግንቦት ነጭ አበባ የሚያብብ፣ ቁመቱም ብዙ የማያስደንቅ የአጥር ዛፍ ነው። ኤዲ ሌኒሀን የተባለ መምህርና ተረት ነጋሪ ወሬውን ሲሰማ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ዛፉ የስውራን፣ ማለትም የማይታዩት ፍጡራን፣ መገናኛ ነው አለ፤ የመንስተር ክፍለ ሀገር ስውራን ከኮናክት ክፍለ ሀገር ስውራን ጋር ሊዋጉ ሲዘምቱ የሚሰባሰቡት ከሥሩ እንደሆነ ከሽማግሌዎች የሰማውን ተናገረ። ከተቆረጠ በዚያ መንገድ ላይ አደጋ ይበዛል ብሎም አስጠነቀቀ። ነገሩ ከአየርላንድ አልፎ በአሜሪካ ጋዜጦች ሳይቀር ተጻፈ። በመጨረሻ ዛፉ ሳይነካ መንገዱ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2002 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መጥቶ ቅርንጫፎቹን በመጋዝ ቆረጣቸው፤ ዛፉ ግን እንደገና አቆጠቆጠ።

አየርላንድ በዚያን ጊዜ በኮምፒውተርና በመድኃኒት ፋብሪካዎቿ የበለጸገች፣ ልጆቿ ሁሉ ትምህርት ቤት የገቡ አገር ነበረች። መንገዱን የነደፉት መሐንዲሶች በስውራን ያምኑ ነበር ለማለት አልደፍርም። ዛፉ የተረፈው አንድ ሰው ታሪኩን ስላወቀ፣ ያወቀውንም ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት ስለተናገረ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። በተጂ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ በየሳምንቱ ችካል ይተከላል። ችካሉ የሚተከልበትን መሬት ታሪክ የሚያውቅ ማን ነው? ቢያውቅስ ለማን ይናገራል?

መጀመሪያ የአየርላንዶቹን እምነት በወጉ ላስረዳ። በዚያ አገር ገጠር ውስጥ ወደ 45,000 የሚሆኑ ክብ የአፈር ካቦች አሉ። አርኪዮሎጂስቶች ሲመረምሯቸው አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ500 እስከ 1000 ባለው ዘመን የተሠሩ የገበሬ ግቢዎች ሆነው አገኟቸው፤ ሰው ከነከብቱ የሚያድርባቸው፣ በአፈር ግንብና በቦይ የተከለሉ ግቢዎች። ባለቤቶቹ ከሞቱና ግቢው ኦና ከሆነ በኋላ ግን ያገሬው ሰው የስውራን መኖሪያ አደረጋቸው። በሬውን ወደዚያ አይነዳም፤ ማረሻውን ያዞራል፤ ከውስጡ ቅርንጫፍ እንኳ አይሰብርም። የሰበረ ሰው እጁ ይሰልላል፣ ላሙ ትነጥፋለች፣ ልጁ ይታመማል ይባላል። ስማቸውንም በቀጥታ አይጠራም፤ "ደጋጎቹ ሰዎች" ወይም "ጌቶቹ" እያለ ያልፋል።

ይህን ሲሰማ ከሸዋ ገጠር ያደገ ሰው ምን ይላል? "እኛም እኮ ስም አይጠሬ እንላቸዋለን" ይላል። ከመሸ በኋላ ወደ ደጅ ውኃ የሚደፋ አየርላንዳዊ ቀድሞ ድምፁን እያሰማ እንዲሸሹ ያስጠነቅቅ ነበር፤ የእኛም እናቶች ትኩስ ውኃ ሲደፉ "በስመ አብ" ወይም "ቢስሚላሂ" ሳይሉ አይደፉም። እዚያ ላም ስትታለብ የመጀመሪያው ጠብታ ለማይታዩት መሬት ላይ ይፈስስ ነበር፤ እዚህም ቡና ሲፈላ ለቤቱ ቆሌ ተብሎ ቄጤማው ላይ ቁርስ የሚበተንበት፣ ከአቦሉ ጠብ የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። በቀትር ወንዝ ዳር አትተኛ፣ አመድ መድፊያ ላይ አትቁም፣ ሌሊት አታፏጭ፣ ኦና ቤት ብቻህን አትግባ የሚባል ምክር ያልሰማ ልጅ በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም።

ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ አየርላንዶቹ የሚሰጡት መልስ አንዱ ይህ ነው፦ ሳጥናኤል ከነሠራዊቱ ሲወድቅ ለሰማይ የሚበቃ ደግነት፣ ለሲኦልም የሚበቃ ክፋት ያልነበራቸው መላእክት በመካከል ቀሩ፤ ከፊሉ በአየር፣ ከፊሉ በባሕር፣ ከፊሉ በምድር ተበተኑ። የእኛ አገር መልስ ከዚህ የበለጠ ልብ ይነካል። ስለ ዛር ያጠኑ ሰዎች ጎንደር ላይ ከመዘገቡት ትረካ እንደምንረዳው ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ነበር። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ ለመልከ መልካሞቹ ፈርታ አሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው። ፈጣሪም "የደበቅሻቸው እንደተደበቁ ይቅሩ" አለ። ዛሮች የእነዚያ ልጆች ዘር ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከተገለጡት ከአሥራ አምስቱ ነን። ይህንኑ ታሪክ በጥቂቱ ለውጠው የአይስላንድ ሰዎችም ይናገሩታል፤ የእነሱ ሔዋን የደበቀቻቸው ገና ሳታጥባቸው የቀሩትን ልጆች ነው።

በዚህ ትረካ ውስጥ የማይታዩት ጠላቶች አይደሉም፤ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ከአንድ እናት ተወልደን አንዱ በብርሃን፣ አንዱ በጨለማ ቀረ። ስለዚህ መሬቱ የእኛ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ለእነሱም የሚገባ ድርሻ አለ። ገበሬው ከማሳው መካከል አንድ ዛፍ፣ አንድ ቁጥቋጦ ሳይነካ የሚተወው ከዚህ ስሜት ነው። የማይታይ ባለድርሻ እንዳለ ያሰበ ሰው የሚታየውን መሬት ጠርጎ አይበላም። በእኔ ግምት የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ ፍርሃቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንምጣ።

በአማርኛ ተናጋሪው አገር የመንደሩ አድባር ብዙ ጊዜ ዋርካ ወይም ሾላ ነው። ግንቦት 1፣ የልደታ ዕለት፣ ጎረቤት ከዛፉ ሥር ይሰበሰባል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፤ በአንዳንድ አገር ግንዱ ቅቤ ይቀባል። እናቶች "የዓመት ሰው ይበለን" ይላሉ። ካህኑ በዓሉ የእመቤታችን ልደት መሆኑን ያስተምራል፤ እናቶችም አሜን ብለው ተቀብለው ከዛፋቸው ሥር ይቀመጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በዚያ ዕለት ደጅ ወጥተው ንፍሮ ሲካፈሉ አይቻለሁ፤ ዛፍ ባይኖር ከሕንፃው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ።

በኦሮሞ ባህል ኦዳ የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ዛፍ ነው። በዱከም አቅራቢያ ያለው ኦዳ ነቤ በእኛ በሸዋ በኩል ስሙ የገነነ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ከሥርዓቱ ጋር የዛፉም ክብር ወደ ዓለም ተሻገረ። ኢሬቻ ሁለት ጊዜ ይከበራል፤ ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ውኃ ዳር፣ በበጋው ደግሞ ዝናብ ለመለመን ተራራ ላይ። ቢሾፍቱ ሆረ አርሰዲ ላይ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሆረ ፊንፊኔ ደግሞ ከ150 ዓመት በላይ ተቋርጦ ቆይቶ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ሲወርድ ውኃውን ያመልካል ማለት ስሕተት ነው፤ አባ ገዳዎች ደጋግመው እንደሚያስረዱት ምስጋናው ለዋቃ ነው። ውኃው ምስጋናው የሚቀርብበት ደጅ ነው። ደጁን የሚያቆሽሽ ሰው ግን ለባለቤቱ ያለው ክብር ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል።

ከዚያ ዝቋላ አለ። ወደ 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርስ የተኛ እሳተ ገሞራ፣ በአናቱ ሐይቅ፣ በሐይቁ ዙሪያ የጽድ ደን፣ በደኑ ውስጥ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የሚወጣው ምእመን ብዙ ነው፤ ተራራውን በራሳቸው ወግ የሚያከብሩ የአካባቢው ኦሮሞዎችም ከጥንት ጀምሮ ይወጡበታል። አንድ ተራራ ለሁለት ዓይነት ጸሎት ሲበቃ ማየት ደስ ይለኛል። የአገራችን ጠበሎችም እንዲሁ ናቸው፤ ብዙው ምንጭ ዛሬ በቅዱስ ስም ይጠራ እንጂ ከዚያ በፊትም ሰው ጫማውን አውልቆ የሚቀርበው ውኃ ነበር ብዬ አምናለሁ። አየርላንድ ውስጥም ወደ 3,000 የሚሆኑ ቅዱሳን ምንጮች እንዳሉ ይገመታል፤ ብዙዎቹ በክርስትና ቅዱሳን ስም ይጠራሉ፣ በዙሪያቸው ያሉት ዛፎች ላይ ግን ሰው እስከ ዛሬ ጨርቅ ያስራል።

ለእናንተ ከሁሉ የሚቀርበው ወጨጫ ነው። ከበቾ ሜዳ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቀና ስትሉ የምታዩት፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ። በጎኑ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ታሪክ በአገራችን የደን ጥበቃ ታሪክ ውስጥ ቀዳሚ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ አይተው፣ አንኮበር አካባቢ ካለው ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። አፄ ምኒልክም በዘመናቸው አስጠብቀውታል። ዛሬ በዚያ ደን ውስጥ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወደ ላይ ሲወጣ አስታው አለ፤ ድኩላና ጉሬዛ አለ። እዚህ ላይ የጠበቀው የንጉሥ ትእዛዝ ነው እንጂ ቆሌ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ትእዛዝም ይጠብቃል። ነገር ግን ትእዛዝ ዘበኛ ይፈልጋል፣ ዘበኛ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ደመወዝ መንግሥት ይፈልጋል። በየመንደሩ ያለውን አንድ ሾላ ለመጠበቅ ይህ ሁሉ ሊሟላ አይችልም። እዚያ የጠበቀው ሌላ ነው።

ያ ሌላው እንዴት እንደሚሠራ በዓይናችን የምናየው ነው። ምንጭ ባለበት ዛፍ አለ። ዛፉ የተፈራ ከሆነ ማንም አይቆርጠውም፣ ከብት አይታሰርበትም፣ እረኛ እሳት አያነድበትም። ጥላው መሬቱን ያቀዘቅዛል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ የረገፈው ቅጠል የዝናቡን ውኃ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። ዛፉ ሲወድቅ ቀድሞ የሚታየው የጎርፍ ቦይ ነው፤ ምንጩም እየሳሳ ይሄዳል። በሰሜኑ አገራችን ይህ በግልጽ ይታያል። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ያጠኗቸው የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በታረሰ ሜዳ መካከል አረንጓዴ ደሴት ሆነው የቀሩ ናቸው፤ በአካባቢው ከነበረው የጥንት ደን የተረፈው ዘር አብዛኛው ያለው እዚያ ነው። አጥሩ ድንጋይ ነው፣ ጠባቂው ግን የቦታው ክብር ነው።

አየርላንድ ውስጥም ፍርሃቱ የአንድ ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ግቢዎች ለአርኪዮሎጂስቶች አቆይቷል። የትራክተር ዘመን መጥቶ እምነቱ በላላባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ታርሰው ጠፍተዋል። በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ። ሶዶ ውስጥ ጢያ ላይ የቆሙትን ባለ ሰይፍ ሐውልቶች ያገሬው ሰው "የግራኝ ድንጋይ" ይላቸዋል። ሐውልቶቹ ከግራኝ አሕመድ ዘመን በብዙ ዓመት ቢቀድሙም በኃያል ሰው ስም በመጠራታቸው የሰው ዓይን ሳይለያቸው ኖረዋል፤ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

እስካሁን የተናገርሁት መልካም መልካሙን ነው። እዚህ ላይ ካቆምሁ ግን ዋሽቼአችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1895 ቲፐሬሪ በተባለ የአየርላንድ አውራጃ ብሪጅት ክሊሪ የምትባል ወጣት ሴት ታመመች። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በሙያዋ የምትኮራ፣ የራሷ ገንዘብ ያላት። ባሏ ግን "ይህቺ ሚስቴ አይደለችም፤ ስውራኑ ሚስቴን ወስደው በምትኳ ሌላ አስቀምጠውብኛል" አለ። ዘመዶቿ ባሉበት አሠቃያት፤ በመጨረሻም በእሳት ተቃጥላ ሞተች። ባልየው 15 ዓመት ታሰረ። እምነቱ ዛፍ ሲጠብቅ የነበረው ያው እምነት ነው።

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ "ወንዝ ዳር ለክፎት ነው" ብሎ ክብሪት ማሽተት፣ ጭስ ማጠን፣ በሰንሰለት ማሰር እስከ ዛሬ አለ። ልጁ እሳት ላይ ወድቆ ሲቃጠል እንኳ "ሲጥለው አትንኩት፣ ይጋባባችኋል" ተብሎ የቆመ ሰው አለ። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ በርካሽ ዋጋ የሚገኝ መድኃኒት አለው። ሸክላ የምትሠራዋን እናት፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን አባት ቡዳ ብሎ ከማኅበር ማራቅም ከዚሁ ጓዳ የወጣ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ስለዚህ ፍርሃቱ ይመለስ ብዬ አልመጣሁም። ዛፍ ስለጠበቀ ብቻ ሰውን የሚያሳድድ እምነት ሊወደስ አይገባውም። ዛፉን ከታሪኩ ጋር እንያዝ፣ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ።

የሃይማኖት ሰዎችም በዚህ ነገር የቆየ አቋም አላቸው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ሰዎች ያመልኩት የነበረ ዛፍ በጻድቁ ቃል ከሥሩ እንደተነቀለ ተጽፏል። በየዘመኑ አንዳንድ ሰባክያን አድባሩን መቁረጥ የእምነት ምስክርነት አድርገው አይተውታል። እነሱን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ለዛፍ መስገድን የሚከለክል ሃይማኖት የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ዛፉ ምን በደለ? ስግደቱን ማስቀረትና ዛፉን ማስቀረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን በእምነት ቤቶቻችሁ ብትነጋገሩበት እወዳለሁ።

ዛሬ ዛፍ የሚጥለው ግን ሰባኪ አይደለም። የከተማ መስፋፋት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃልለዋል። በሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት የግጦሽ መሬት ላይ መጋዘንና ፋብሪካ እየተሠራ ነው። በቡራዩና በሰበታ ዳገቶች ላይ የድንጋይ ካባው ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ይወጣል። ተጂ ገና የኢሉ ወረዳ የገበያ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የበቾ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ነው። ነገር ግን የጅማ መንገድ በመካከላችሁ ያልፋል፤ ሰበታ ትናንት ያየችውን እናንተ ነገ ታያላችሁ።

ዛፉ በዚህ ጊዜ እንዴት እንደሚጠፋ ልብ በሉ። ክፋት ያለው ሰው መጥቶ አይደለም። የአድባር ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የቆመው በጋራ መሬት ላይ ነው። መሬቱ ተሸንሽኖ ካርታ ሲወጣበት ዛፉ በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ይወድቃል። ያ ሰው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ቤት ሊሠራ ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቧል፤ ስለዛፉ የነገረው የለም። ካርታው ላይ ስፋቱና አዋሳኙ እንጂ "እዚህ ሥር ሽማግሌዎች ደም አስታርቀዋል" የሚል መስመር የለም። ስለዚህ ያልሰማውን አይፈራም፣ ያልሰማውን አያከብርም፤ ጣውላ አድርጎ ይሸጠዋል ወይም ለመሠረት ጉድጓድ ሲል ይነቅለዋል። ፍርሃቱ የሚሠራው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ተረት በሰማበት መንደር ብቻ ነው። መንደሩ ከተማ ሲሆንና ጎረቤቱ አዲስ ሲሆን ዛፉን የጠበቀው ነገር ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል። በምትኩ የሚቆም ከሌለ ያ ቦታ ጠባቂ የለውም።

ለእናንተ ደግሞ ይህ ነገር ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ከጊንጪ አካባቢ የሚነሳው አዋሽ በበቾ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱ ስለሚያልቅ በክረምት ከአልጋው ወጥቶ ማሳውን ያጥለቀልቃል። የተጂም ወንዝ እንዲሁ። ሰብል የተወሰደበት፣ ቤቱን ለቅቆ የወጣ ሰው እዚህ ተቀምጧል። ጎርፉን የሚያመጣው የስውራን ቁጣ አይደለም፤ ከላይ ያለው ተራራ ሲራቆት ውኃው ቆሞ የሚሰርግበት አጥቶ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ጎርፉ ይበረታል፣ የሚያመጣውም ደለል የወንዙን አልጋ ይሞላል። ወላጆቻችን በየመልካው፣ በየወንዙ መሻገሪያ የሚከበር ቦታ የነበራቸው፣ ወንዙ የሚሰጥም የሚወስድም መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ቋንቋቸው የእምነት ነበር፤ የሚያወሩት ግን ስለዚሁ ወንዝ ነው።

እንግዲህ በፍርሃቱ ምትክ ምን ይቁም? እኔ የማውቀው አንድ ሥራ አለ፤ እሱም ከአየርላንድ የምንማረው ከሁሉ የተሻለ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የአየርላንድ መንግሥት የፎክሎር ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ከ1937 እስከ 1939 በትምህርት ሚኒስቴርና በመምህራን ማኅበር ድጋፍ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አሰማራ። የላይኛው ክፍል ልጆች ለመምህሮቻቸው በተላከ የጥያቄ መጽሐፍ እየተመሩ ወደ አያቶቻቸውና ወደ ጎረቤቶቻቸው ሄዱ። በመንደራችን የተከበረ ዛፍ የቱ ነው? ስለ ምንጩ ምን ይባላል? የቆየው ካብ የማን ነበር? እያሉ ጠይቀው የሰሙትን በደብተር ጻፉ። ወደ 5,000 ከሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ወደ 50,000 የሚሆኑ ልጆች ተሳተፉበት። ከዚያ የተገኘው ከ700,000 ገጽ በላይ ጽሑፍ ዛሬ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጧል፤ በኮምፒውተርም ማንም ያነበዋል። ጸሐፊዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ ብዙ ወጪ አልጠየቀም። አገሪቱም ያን ጊዜ ድሃ ነበረች፤ ልጆቿ ሥራ ፍለጋ በመርከብ ይሰደዱ ነበር።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥሩ ጅምር አለን። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፎክሎር በድኅረ ምረቃ ደረጃ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹም ስለ አድባር፣ ስለ ኢሬቻ፣ ስለ አቴቴ ጽፈዋል። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የማይዳሰሰውን ቅርስ ከሚዳሰሰው ጋር ያውቃል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ነው፣ አዋጁም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው። የተጂን ሾላ ታሪክ የሚያውቁት አያት ግን ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ የሚጠይቃቸው ልጅ ካልመጣ ይዘውት ይሄዳሉ።

ስለዚህ ለተጂና ለአካባቢዋ መምህራን የምለው አለኝ። ለዚህ ሥራ በጀት አትጠብቁ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ልጆች አንድ አንድ ደብተር ስጡ። አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ አያት በአፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ የሚናገሩ በአማርኛ፣ የተናገሩት እንደተናገሩት ይጻፍ፤ ልጁ አያስተካክለው፣ አያሳምረው። ዛፉ የት ነው፣ ስሙ ማን ነው፣ ማን ከሥሩ ተቀመጠ፣ ምን ይከለከል ነበር፣ የከለከለውስ ማን ነው? ምንጩ በጋ ይደርቃል ወይስ አይደርቅም፣ ድሮስ? ስለ በሽተኛ ወይም ስለ ጎረቤት ሐሜት የሚሆነውን ግን አይጻፍ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ልጆቹ ሲመጡ "ምን ያደርግልሃል" ብላችሁ አትመልሷቸው፤ ተረት ነው ብላችሁም አትፈሩ፤ ንገሯቸው። ደብተሮቹ ሲሞሉ አንዱ ቅጂ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ፣ አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፣ ሦስተኛው መሬት ለሚቀይሱት መሐንዲሶች ይድረስ። ይህ ሦስተኛው እንዳይረሳ አደራ፤ ችካል የሚተክሉት እነሱ ናቸውና።